አንድ ከለር፣ አራት ገላ፦ ባለ አንድ ቀለም ሥዕል በምን ይቀባ?

መስኮቴ ሥር አራት ትናንሽ ሰሌዳዎች ተደርድረዋል። አራቱም ሰማያዊ ናቸው። የቀባኋቸው ከአንድ ዕቃ በወጣ የአልትራማሪን ዱቄት ነው። እንግዳ ሲመጣ ግን «ጥቁሩ ከሰማያዊዎቹ ጋር ምን ይሠራል?» ይለኛል። ጥቁር የለም። ጥቁር የመሰለው በተልባ ዘይት የተለወሰው ነው።

ልዩነቱን ያመጣው ዱቄቱን የያዘው ነገር ብቻ ነው። አንዱን በዘይት፣ አንዱን በአክሪሊክ፣ አንዱን በንብ ሰም ለወስኩት። አራተኛው ላይ ዱቄቱ እንዳይረግፍ ያህል ብቻ ትንሽ ሙጫ ጠብ አደረግሁበት። ባለ አንድ ቀለም ረቂቅ ሥዕል መሥራት የሚያስብ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው «የትኛውን ከለር ልምረጥ?» ብሎ ነው። እኔ ምርጫው ከዚያ ባይጀመር እመርጣለሁ። መጀመሪያ በምን እንደሚቀባ ይወሰን።

አማርኛ እዚህ ላይ ለሁለት ነገር አንድ ቃል ይሰጠናል። ዓይን የሚያየውን ቀይና ሰማያዊ ቀለም እንለዋለን። ከቱቦ ተጨምቆ የሚወጣውን፣ ጣት ላይ የሚጣበቀውንም ቀለም እንለዋለን። ፊት ወይም ዛፍ ስትሥሉ ይህ ብዙ አያስጨንቅም። ተመልካቹ የሚያየው ፊቱን ነው። ባለ አንድ ቀለም ሥዕል ላይ ግን ምስል የለም። አጠገቡ ቆሞ የሚነጻጸር ሌላ ከለርም የለም። የሚታየው ቀለሙ ራሱ ነው፤ ውፍረቱ፣ ወዙ፣ ብሩሹ የሄደበት መንገድ። ግራ እንዳንጋባ ከዚህ በኋላ ዓይን የሚያየውን ከለር፣ የሚቀባውን ነገር ቀለም እላለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዱቄቱና የያዘው ነገር

ማንኛውም ቀለም ከሁለት ነገር ይሠራል። ፒግመንት የሚባለው ዱቄት አለ። ዱቄቱን እርስ በርሱና ከሸራው ጋር የሚያጣብቅ ማያያዣም አለ። ብርሃን ከአንዱ ነገር ወደ ሌላው ሲሻገር ይታጠፋል። የሚታጠፍበት መጠን በቁጥር ይለካል። የአየር 1 ነው። የተልባ ዘይት 1.48 ገደማ ነው። የአልትራማሪን 1.5 ገደማ ነው።

ዘይቱና አልትራማሪኑ ስለተቀራረቡ ብርሃኑ በሁለቱ መካከል ብዙም ሳይሰናከል ያልፋል። ወደ ውስጥ ይገባና እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ሰማያዊው ጥልቅ፣ ጨለማ፣ ብርሃን አሳላፊ ይሆናል። ቅንጣቶቹ በአየር ሲከበቡ ግን ልዩነቱ ይሰፋል። ብርሃኑ ከየቅንጣቱ ገጽ ተበትኖ ወደ ዓይናችን ይመለሳል፤ ሰማያዊው ይፈካል። ደረቅ አፈር ውሃ ሲነካው የሚጠቁረውም በዚሁ ምክንያት ነው። አፈሩ ያው አፈር ነው፤ የተቀየረው በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ነገር ነው።

ሁሉም ዱቄት ግን እንዲህ አይለዋወጥም። የቲታኒየም ነጭ ቁጥሩ 2.7 ይደርሳል። በምንም ብትለውሱት ነጭ ሆኖ ይሸፍናል። ጠመኔ ደግሞ 1.6 አካባቢ ነው። በሙጫ ሲለወስ ነጭ ነው፣ በዘይት ሲለወስ ነጭነቱን ያጣል። እንግዲህ «ነጭ እፈልጋለሁ» ማለት ብቻውን አይበቃም።

የዘይት ቀለም፦ ጊዜ ላለው ሰው

ዘይት እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም። ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ይጠነክራል፤ እንዲያውም በዚህ ጊዜ ክብደቱ ይጨምራል። ቀጭን ንብርብር በጥቂት ቀናት ለእጅ ይደርቃል። ወፍራም ከሆነ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል። ከለሩም ለውጥ ያመጣል። ኡምበር የሚባለው ቡናማ አፈር ቶሎ ይደርቃል። ከተቃጠለ አጥንት የሚሠራው ጥቁር ግን ይንቀራፈፋል።

ይህ መንቀራፈፍ ለብዙዎች ችግር ነው። ለባለ አንድ ቀለም ሥዕል ግን ጸጋ ነው ባይ ነኝ። ሰፊ ሜዳ በአንድ ከለር ስትሞሉ ጠርዙ ሳይደርቅባችሁ ተመልሳችሁ ማለስለስ ትችላላችሁ። ትናንት የጀመራችሁትን ዛሬም መግፋት ትችላላችሁ። ብሩሹ የተወው መስመር ሲደርቅም ብዙ አይሟሽሽም። እንደተዋችሁት ይቆያል።

ዘይት ከሁሉም የሚበልጥበት ቦታ ጥቁር ላይ ነው። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ፒየር ሱላዥ በ1979 ሸራውን ከዳር እስከ ዳር ጥቁር የሚሸፍንበትን ሥራ ጀመረ። ሥራውን «ኡትርኖዋር» አለው፤ ከጥቁር ወዲያ እንደ ማለት ነው። ወፍራሙን ጥቁር በሰፋፊ መሣሪያ እየፋቀ ትልም ያወጣበታል። አንዱ ትልም ብርሃን ይይዛል፣ ጎኑ ያለው ይጨልማል። ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ስትሄዱ ይገለባበጣሉ። ከለሩ አንድ ነው፣ ሥዕሉ ግን ከተመልካቹ ጋር አብሮ ይንቀሳቀሳል። ሱላዥ ኋላ ላይ ወደ አክሪሊክ ዞሯል። የዘይትን ሥራ በመናቅ ሳይሆን በጣም ወፍራም ቀለም በአክሪሊክ ስለሚቀለው ነው።

የዘይት ሁለት ጣጣዎችን ግን ቀድማችሁ እወቁ። አንደኛው ወዝ ማጣት ነው። ሸራው ከሥር በደንብ ካልተደፈነ ዘይቱን ይመጠዋል። አንዱ ቦታ ያብረቀርቃል፣ ሌላው ይደበዝዛል። ባለ ብዙ ከለር ሥዕል ላይ ይህ አይታወቅም። ወጥ ጥቁር ላይ ግን ልብስ ላይ እንደፈሰሰ ዘይት ወዲያው ዓይን ይገባል። አንድ ጊዜ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ጥቁር ሸራ እንዲህ ሆኖብኝ ሦስት ጊዜ ደግሜ ቀብቼዋለሁ። ጥፋቱ ከላዩ አልነበረም። መጀመሪያውኑ ከሥር የቀባሁት መደብ ቀጭን ነበር።

ሁለተኛው የንብርብር ቅደም ተከተል ነው። ከሥር ዘይቱ ያነሰ፣ ከላይ ዘይቱ የበዛ መሆን አለበት። ሥሩ ሳይደርቅ ቶሎ የሚደርቅ ቀለም ከላይ ከተጫነ ይሰነጠቃል። የሩሲያው ሠዓሊ የካዚሚር ማሌቪች «ጥቁር ካሬ» ምስክር ነው። በ1915 የተሠራው ይህ ሥዕል ዛሬ ላዩ በሙሉ ተሰነጣጥቋል። ከሥሩ ሌላ ሥዕል እንዳለ ቀድሞም ይጠረጠር ነበር። በ2015 በሞስኮ የሚገኘው ትሬቲያኮቭ ቤተ ሥዕል ባደረገው የራጅ ምርመራ ከሥር ሁለት ባለ ከለር ሥራዎች እንዳሉ ገለጸ። በስንጥቆቹ መካከል የሥሩ ከለር ብቅ ይላል።

አንድ የደኅንነት ነገር ሳልናገር አልለፍ። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ በራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ወይም ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት።

አክሪሊክ፦ ለነጭና ለፈጣን እጅ

በውሃ የሚቀጥነው የሠዓሊዎች አክሪሊክ ገበያ ላይ የወጣው በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው። ቀለሙ ውሃ ውስጥ የተንሳፈፉ ጥቃቅን የፕላስቲክ ቅንጣቶች አሉት። ውሃው ሲተን ቅንጣቶቹ ተጠጋግተው አንድ ቆዳ ይሆናሉ። ቀጭኑ በደቂቃዎች ይደርቃል። እርጥብ እያለ ማያያዣው ወተት ይመስላል፣ ሲደርቅ ይጠራል። ስለዚህ ከለሩ ከደረቀ በኋላ ትንሽ ይጨልማል። እርጥቡን አይታችሁ አትፍረዱ።

ፍጥነቱ በሰፊ ሜዳ ላይ ይፈትናችኋል። በሮለር ስትቀቡ የመጀመሪያው መስመር ሁለተኛው ሳይደርስበት ይደርቃል። ሁለቱ የተደራረቡበት ቦታ ላይ ሰንበር ይቀራል። መፍትሔው ቀለሙን በብዛት ማዘጋጀት፣ መድረቁን የሚያዘገይ ሚዲየም (ከቀለሙ ጋር የሚቀላቀል ማሻሻያ) መጨመር፣ አለዚያም ሰንበሩን ተቀብሎ የሥዕሉ አካል ማድረግ ነው። ሦስተኛውን እኔ በጣም እወደዋለሁ። ሥራው እንዴት እንደተሠራ በግልጽ ያሳያል።

ወፍራም አክሪሊክ ውሃው ሲወጣ ይሟሽሻል። ሹል አድርጋችሁ የተዋችሁት ጫፍ ጠዋት ዱልዱም ሆኖ ይጠብቃችኋል። ለዚህ የተሠሩ ወፍራም ጄሎች አሉ። ማት፣ ማለትም ወዝ የሌለው፣ እንዲሆን ከፈለጋችሁም ማት ሚዲየም ይጨመራል። ጥቁር ላይ ግን ተጠንቀቁ። ወዙን የሚያጠፋው ዱቄት ብርሃን ይበትናል፤ ጥቁሩን ወደ ግራጫ ይጎትተዋል።

ነጭ ላይ ግን አክሪሊክን የሚያህል የለም። የተልባ ዘይት በጊዜ ብዛት ቢጫ ይሆናል፣ በተለይ ጨለማ ቦታ ከተቀመጠ። ዚንክ ነጭ ደግሞ በዘይት ውስጥ እየቆየ ይሰባበራል። አክሪሊክ በዚህ በኩል በጣም የተሻለ ነው። ደካማ ጎኑ ገጹ ለስላሳ መሆኑ ነው፤ አቧራ ይይዛል። ሁለት አክሪሊክ ሥዕሎችን ፊት ለፊት አስጠግታችሁ አታስቀምጡ፤ ይጣበቃሉ።

ስለ ነጭ ካነሳን አሜሪካዊው ሠዓሊ ሮበርት ራይማን መታለፍ የለበትም። ከ1953 እስከ 1960 ኒው ዮርክ ባለው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ጥበቃ ሆኖ ሠርቷል። ኋላ ዕድሜውን ሙሉ ለማለት ይቻላል በነጭ ሠራ። በዘይት፣ በአክሪሊክ፣ በኢናሜል (ጠንክሮ በሚደርቅ የሚያብረቀርቅ ቀለም)፣ በኬዚን (ከወተት በሚወጣ ማያያዣ)፤ በሸራ፣ በወረቀት፣ በብረት፣ በአሉሚኒየም ላይ። ከለሩን ባለበት አቁሞ ሌላውን ሁሉ ቀያየረ። ለእኔ ይህ የአንድ ሰው ሥራ ብቻ አይደለም፤ ማንም ሰው ቀለም ሲመርጥ ሊያጠናው የሚገባ ትምህርት ነው።

ሙጫው ያነሰ ቀለም፦ የሚነድ፣ የማይነካ

ወደ አራተኛው ሰሌዳዬ እንመለስ። ቀን ላይ ሰማያዊው ከሰሌዳው የወጣ ይመስላል። ርቀቱን ዓይን መለካት ያቅተዋል። ሲመሻሽ ደግሞ ሌሎቹ ሦስቱ ወደ ጥቁር ይሄዳሉ፣ እሱ ግን ይቆያል። በደብዛዛ ብርሃን ዓይናችን ከቀይ ይልቅ ለሰማያዊ ይነቃል፤ ከገጹ የሚመለሰው ብርሃን ሲጨመርበት ሰሌዳው መጨረሻ የሚጠፋ መብራት ይመስላል። አንዱ ጥግ ላይ ግን የአውራ ጣቴ አሻራ አለ። ገና ሲደርቅ ለማንሳት ያዝኩት። አይጠፋም። ብቀባበት ያ ቦታ ብቻ ይጨልማል።

ፈረንሳዊውን ሠዓሊ ኢቭ ክላይንን ያስጨነቀው የዱቄቱ ነገር ነበር። ዱቄቱ ደርቆ ሳለ ያለው ድምቀት በዘይት ሲለወስ ይሞታል። ኤድዋር አዳም ከተባለው የፓሪስ የቀለም ነጋዴ ጋር ሆኖ ሮዶፓስ የተባለ ሰው ሠራሽ ሙጫ በአልኮል ዓይነት ፈሳሾች አቅጥኖ ተጠቀመ። ፈሳሹ ሲተን ዱቄቱ ሳይሸፈን ይቀራል። በ1957 ሚላኖ ላይ መጠናቸው እኩል የሆነ 11 ሰማያዊ ሥዕሎች አሳየ። በ1960 አሠራሩን ፈረንሳይ አገር «ሶሎ» በሚባለው ፖስታ አስመዘገበ። ፓተንት ወሰደ እየተባለ ይወራል፤ ፓተንት አልነበረም። ፖስታው የሚመሰክረው ሐሳቡ በዚያ ቀን በእጁ እንደነበር ነው።

አሜሪካዊው ሠዓሊ አድ ራይንሃርት ደግሞ ይህን ነገር በጥቁር ሠራው። የዘይት ቀለሙን በተርፐንታይን ያቀጥናል። ዱቄቱ ዕቃው ሥር እስኪዘቅጥ ይጠብቃል። ላይ የቀረውን ዘይት ይደፋዋል። በተረፈው ከ1960 ጀምሮ ጎናቸው 152 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ካሬዎች ቀባ። መጀመሪያ ወጥ ጥቁር ይመስላሉ። ደቂቃዎች ስትቆሙ ቀይማ፣ ሰማያዊማ፣ አረንጓዴማ ጥቁሮች ይለያያሉ፤ መሐል ላይ መስቀል ይወጣል። ወዝ ቢኖራቸው ኖሮ የክፍሉ ነጸብራቅ ይህን ሁሉ ይሸፍነው ነበር። ዋጋው ግን ከባድ ነው። አንድ ጣት የነካው ቦታ አብረቅርቆ ይቀራል። ከነዚህ ሥዕሎች አንዱ እጅግ ተጎድቶ ለጉገንሃይም ሙዚየም ለምርምር ተሰጥቷል። ሙዚየሙም በ2008 የጥናቱን ውጤት ለሕዝብ አሳይቷል።

እናም ይህን መንገድ የምትመርጡ ከሆነ ሥዕሉ የት እንደሚሰቀል አስቀድማችሁ አስቡ። ልጆች የሚሮጡበት ኮሪደር ላይ አይሆንም። መስታወት ብትገጥሙለት ትጠብቁታላችሁ፣ ግን የሸሻችሁት ነጸብራቅ ተመልሶ ይመጣል። ዱቄቱን ስትለውሱም የፊት መሸፈኛ አድርጉ። ደረቅ ዱቄት ሳንባ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው።

ሰም፣ እንቁላል፣ የቤት ቀለም

የንብ ሰም 63 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይቀልጣል። ስትሠሩበት ከ90 አታሳልፉት፤ ጭሱ አይበጅም። ሰም ብርሃንን ወደ ውስጥ ያስገባና አለስልሶ ይመልሳል። እንደ ቆዳ ነው። ሦስተኛው ሰሌዳዬን የነካ ሁሉ የሚሞቅ እየመሰለው እጁን ያቆያል። ብራይስ ማርደን በ1960ዎቹ የንብ ሰምን ከዘይት ቀለም ጋር ቀላቅሎ ግራጫና አረንጓዴማ ሜዳዎች ሠራ። ከታች በኩል ጠባብ ጠርዝ ሳይሸፍን ይተዋል። እዚያ ላይ የወረዱት ጠብታዎች የላይኛው ጸጥታ በስንት ንብርብር እንደመጣ ይናገራሉ። ሰም ሙቀትና መታጠፍ አይወድም፤ ጠንካራ ሰሌዳ ላይ ይቀባ።

የእንቁላል አስኳል ቀለም ቆንጆ ነው፣ ግን በቀጭን በቀጭኑ ስለሚሠራ ለትልቅ ሜዳ አልመክረውም። ጉዋሽ የሚባለው በውሃ የሚቀጥን ቀለምም ማት ነው፣ ውሃ ሲነካው ግን ይለቃል። ለሙከራ ወረቀት ይበቃል።

የቤት ቀለምን ማንም እንዳይንቅባችሁ። ፍራንክ ስቴላ ከ1958 ጀምሮ የሠራቸው ጥቁር ሥዕሎች በቤት ኢናሜል የተቀቡ ናቸው። ሮበርት ራውሸንበርግ በ1951 ነጭ ሥዕሎቹን በቤት ቀለምና በሮለር ሠራቸው። ሲቆሽሹ እንደገና እንዲቀቡ ይፈቅድ ነበር። የሠዓሊው እጅ ሳይሆን በላያቸው የሚያልፈው ጥላና ብርሃን ነበር የፈለገው። እዚህ ላይ ከክላይን ጋር አነጻጽሩት። የአንዱ ገጽ በአንድ ጣት ይበላሻል፣ የሌላው በሙሉ ተቀብቶም ያው ሥዕል ነው። የቤት ቀለም ግን ለግድግዳ እንጂ ለመቶ ዓመት አልታሰበም። ይህን አውቃችሁ ግቡበት።

በብሩሽ ነው፣ በሮለር ነው፣ ወይስ ከጀርባ?

ያው ቀለም በሌላ መሣሪያ ሌላ ሥዕል ነው። ብሩሽ ትልም ይተዋል። ትልሙ አቅጣጫ አለው፤ ብርሃኑም ያንን ይከተላል። ሮለር እንደ ብርቱካን ልጣጭ ጥቃቅን ነጥብ ይተዋል፣ አቅጣጫ የለውም። ክላይን ሮለር ያነሳው እጁ እንዳይታይ ነው። የቀለም ቢላ ደግሞ ገጹን ያለሰልሳል፣ ቆሞ የቀረበት ቦታ ላይ ግን ጉብታ ይተዋል።

ከዚህ ሁሉ ልቤን የያዙት ግን በ1970ዎቹ ኮሪያ ውስጥ «ዳንሴክዋ» በሚባለው መንገድ የሠሩት ናቸው። ቃሉ ራሱ ባለ አንድ ከለር ሥዕል ማለት ነው። ሃ ቾንግህዩን ከ1974 ጀምሮ ቀለሙን ከፊት አልቀባውም። ጆንያ ወጠረና ከጀርባው ወፍራም ቀለም ገፋበት። ቀለሙ በክሮቹ መካከል ጠብ ጠብ እያለ ወደ ፊት ወጣ። ፓርክ ሶቦ ደግሞ ገና እርጥብ በሆነ ነጭ ቀለም ላይ በእርሳስ መስመር ደጋግሞ ሰመረ። እርሳሱ ቀለሙን ያርሰዋል። ሁለቱም ጋ ቀለሙ የሚቃወም፣ የሚገፋ፣ የሚታረስ ነገር ነው። ይህን ማድረግ የሚቻለው ቀለሙ ሲወፍርና ቶሎ ሳይደርቅ ሲቀር ነው፤ ቶሎ የሚደርቀው አክሪሊክ እንዲህ አይታገሥም።

ታዲያ የትኛው?

የኔን ምርጫ በግልጽ ልንገራችሁ። ለጥቁር ዘይት፣ ለነጭ አክሪሊክ፣ ለአልትራማሪን ሰማያዊ ሙጫው ያነሰ ቀለም። ለግራጫና ለአፈር ከለሮች ሰም የገባበት ዘይት። ካድሚየም ቀይ በዘይትም በአክሪሊክም ጥሩ አድርጎ ይሸፍናል፤ እዚያ ላይ የሚወስነው እጃችሁ ነው።

ክፍሉ ግን ምርጫዬን ሊሽረው ይችላል። አንድ ትልቅ መስኮት ከጎን ያለው ክፍል ትልም ላለው ጥቁር ተፈጥሯል። መብራቱ ከፊት ለፊት የሚወርድበት ክፍል ውስጥ ያው ጥቁር እንደ መስታወት አምፖሎቹን ያሳያችኋል፤ እዚያ ማት ያስፈልጋል። ሥዕል ለመግዛት የምትመርጡም ከሆነ በስልክ ፎቶ አትወስኑ። ካሜራው ሦስት እርምጃ ወደ ጎን አይሄድም። ሄዳችሁ ቁሙ፣ ከጎን እዩት፣ የሚቻል ከሆነ ጠዋትና ማታ ሁለት ጊዜ እዩት።

ለምትሠሩ ደግሞ አራቱን ሰሌዳዎች ሥሩ እላለሁ። የእጅ መዳፍ የሚያህሉ ይበቃሉ። አንድ ከለር፣ አራት ማያያዣ። መስኮት ሥር ደርድሯቸውና አንድ ሳምንት አብራችኋቸው ኑሩ። በየጀርባቸው ቀኑን፣ ምን ያህል ዱቄት በምን ያህል ማያያዣ እንደለወሳችሁ፣ በምን መሣሪያ እንደቀባችሁ ጻፉ፤ ከዓመት በኋላ አታስታውሱትም። የኔ አራተኛ ሰሌዳ ጀርባ ላይ ከልኩ ሥር አንድ መስመር በእርሳስ አለ፦ «በጠርዙ ብቻ ይያዝ።» አሻራው ካረፈ በኋላ የጻፍኩት ነው።